ባለ ነብሩ ወይስ ባለ ዝሆኑ

በገበያ አዳራሹ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ኮምፒውተር የምትገጣጥመውን ሴት ሰው ሁሉ «ብሎን» ይላታል። ስሙን ያወጡላት ጎረቤት ባለሱቆች ናቸው። አንድ ቀን ከእጇ ያመለጠች የሩዝ ፍሬ የምታህል ብሎን ፍለጋ ግማሽ ቀን ሙሉ መሬት ለመሬት ስትድህ አገኟትና ሳቁባት፤ ስሙም በዚያው ጸደቀ። እሷም አልተቀየመችም። እንዲያውም ስልክ ስታነሳ «ብሎን ነኝ» ማለት ጀመረች።

ፈሪ ናት። ይህን ራሷም አትደብቅም። አሥራ አንድ ዓመት ስትሠራ የሰው ዕቃ አቃጥላ አታውቅም። ነገር ግን ሱቋን ዘግታ ግማሽ መንገድ ከሄደች በኋላ «መበየጃውን ነቅዬዋለሁ?» ብላ የምትመለስባቸው ቀናት ከማትመለስባቸው ይበዛሉ። ፊት ለፊቷ ሰዓት የሚጠግነው ጎረቤቷ፣ «አንቺ ሴትዮ፣ ትንሽ ፍርሃት ብትሸጪልኝ እኔም ጠንቃቃ እሆን ነበር» እያለ ይቀልድባታል።

ክሬን ነጂው የመጣው ማክሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ነው፤ ገና የሱቋን መዝጊያ ወደ ላይ ሰቅላ ሳትጨርስ። ዕድሜው ሃምሳን የተሻገረ፣ ትከሻው በር የሚሞላ ሰው ነው። የሥራ ቱታ ለብሷል፣ ቢጫ ቆብ በብብቱ ይዟል። በሌላኛው እጁ አራት ቦታ የታጠፈ የዕቃ ዝርዝር ወረቀት አለ።

«እህቴ፣ እኔ የዚህ ነገር ጨዋ ነኝ» አላት ወረቀቱን እየዘረጋ። «ክሬን ነው የምነዳው። ሰባ ሜትር ላይ ወጥቼ ስቀመጥ ምንም አይመስለኝም። አንቺ ሱቅ ስገባ ግን ላብ አጠመቀኝ።»

«ምን ፈልገው ነው?»

«ለጌም የሚሆን ኮምፒውተር። ለልጄ።»

ከዚያ ሳትጠይቀው ሁሉንም ነገራት። ልጁ አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው። ሯጭ ነበረች። ከሁለት ወር በፊት ከብስክሌት ወድቃ ጭኗ ተሰበረ፤ ከወገቧ እስከ ቁርጭምጭሚቷ ጀሶ ገብታለች። እናቷ ደግሞ የታመመች አያቷን ልታስታምም ሌላ ከተማ ከሄደች ሳምንቷ ነው። ልጅቷ ቀኑን ሙሉ ብቻዋን ነው የምትውለው።

«ሁለት ወር ሙሉ ሁለት ቃል ብቻ ነው የተናገረችው። ‹እሺ› እና ‹አልፈልግም›። ባለፈው ሳምንት ግን ‹ጌም ብጫወት ይሻለኝ ነበር› አለች። ከአፏ ሳይወጣ ነው እሺ ያልኩት። አሁን የቸገረኝ ካርዱ ነው። የሥራ ጓደኞቼን ብጠይቅ አንዱ ይሄን ይላል፣ አንዱ ያንን። ሊደባደቡ ምንም አልቀራቸው።»

ብሎን ሳቀች። ይህን ጠብ በየቀኑ ነው የምትሰማው። ካርዱ የጨዋታውን ምስል እየሠራ ወደ ስክሪኑ የሚልክ ነው፤ ጥሩ ካርድ ከሌለ ጨዋታው ይንተባተባል። በመደርደሪያዋ ላይ የሁለት ፋብሪካ ካርዶች አሉ። የፋብሪካዎቹ ስም ለምላስ ስለሚከብድ ደንበኛው ሁሉ በካርቶኑ ላይ ባለው ሥዕል ነው የሚጠራቸው። አንዱ ባለ ነብሩ፣ አንዱ ባለ ዝሆኑ። ደንበኞቿም እንደ ኳስ ደጋፊ ሁለት ቦታ ተከፍለዋል።

«ሁለቱም ጥሩ ናቸው» አለችው። «ባለ ነብሩ ቀዝቀዝ ያለ ነው፣ ብዙ መብራት አይፈልግም። ባለ ዝሆኑ ጉልበቱ ይበልጣል፣ ግን በላተኛ ነው።»

«ዝሆን ነዋ! ምን ይጠበቃል?» አለና ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለ። «በይ ነብሩን አድርጊልኝ። በላተኛ አልወድም።»

ሥራውን ጀመረች። እሱ በርጩማ ላይ ተቀምጦ ዓይኑን ከእጇ ሳይነቅል ያያል። አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ሆነ። ካርዱን ሰካች፣ ገመዶቹን አሰረች፣ አበራችው፤ ምስል መጣ። ሰውዬው እንደ ሕፃን አጨበጨበ። ይሄኔ ስልኩ ጮኸ።

«አባዬ!» አለ ከስልኩ የወጣ ድምፅ፤ ብሎን ጋ ድረስ ይሰማል። «የትኛውን ገዛህ?»

«ባለ ነብሩን፣ ሚጣዬ።»

«ኧረ አባዬ! ባለ ዝሆኑን ነው! ጓደኞቼ በሙሉ ባለ ዝሆኑን ነው የያዙት። አዲሱን ጨዋታ አብረን ልንጀምር ነው እኮ! ለማውረድ ሦስት ሰዓት ይፈጃል፣ ዛሬውኑ ነው የምንጀምረው። በናትህ አባዬ፣ በናትህ!»

ሰውዬው ስልኩን ዘጋ። ዓይኑ እንባ አቅርሯል።

«ሰማሻት?» አላት። «ጮኸችብኝ እኮ። ሁለት ወር ሙሉ ጮኻ አታውቅም። እህቴ፣ እባክሽ ቀይሪልኝ። አምስት ሰዓት ተኩል ሥራ እገባለሁ፣ ከዚያ በፊት ቤት ማድረስ አለብኝ።»

ብሎን ሰዓቷን አየች። አራት ሰዓት ሆኗል። ባለ ዝሆኑ ዝም ብሎ የሚቀየር ካርድ አይደለም። ከግድግዳው የሚመጣውን መብራት ለየክፍሉ የሚያድለው የብረት ሳጥን፣ ፓወር ሳፕላዩ፣ ለሱ አይበቃውም፤ ገመዱም አንድ ይጎድላል። ከመጋዘኗ ትልቁን ፓወር ሳፕላይ አውጥታ በራሷ ወንበር ላይ አስቀመጠች። እሱን ከማስገባቷ በፊት ግን ካርዱ ደህና መሆኑን ልታይ ፈለገች። ስለዚህ የጎደለውን ገመድ ለጊዜው የሚተካ ቅጥያ ከመሳቢያዋ አወጣች። ከአሮጌ ኮምፒውተር የተነቀለ ቀጭን ገመድ ነው፣ አንዱ ጫፉ ጠቁሯል። ለአንድ ደቂቃ ሙከራ ብቻ ትጠቀምበታለች እንጂ ከሱቋ አውጥታው አታውቅም።

ሰካችው። ምስል መጣ። ካርዱ ደህና ነው።

በዚያች ቅጽበት ሁለት ነገር አንድ ላይ ሆነ። የሰውዬው ስልክ ጮኸና ፎርማኑ፣ «የት ነህ? ጭነቱ ቀድሞ መጥቷል፣ ቶሎ ና!» ሲል ተሰማ። በሩ ላይ ደግሞ አንዲት ሴትዮ የማይሠራ ላፕቶፕ እያወዛወዘች፣ «ትናንት ሠራሁት አላልሽም?» ብላ መጮህ ጀመረች። ብሎን ለሴትዮዋ መልስ እየሰጠች የኮምፒውተሩን ክዳን በልማድ ገጠመች። አራት ብሎን ነበር፤ አራቱንም አጠበቀች። አንድም አልጎደለም። ሰውዬው ኮምፒውተሩን እንደ ሕፃን አቅፎ፣ «እግዜር ይስጥሽ» እያለ በደረጃው ወረደ።

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባላል።

ስምንት ሰዓት ሊሆን ሩብ ጉዳይ ላይ ሥራዋ ጋብ አለላት። ከጠዋት ጀምሮ ቆማ ስለነበር እግሯ ዝሏል። ወንበሯን በእግሯ ሳበች። አልመጣም፤ ከብዷል። ዘወር ብላ አየች።

ትልቁ ፓወር ሳፕላይ ወንበሩ ላይ ተቀምጧል። ካርቶኑ አልተከፈተም።

መጀመሪያ አልገባትም። የሌላ ደንበኛ መሰላት። ከዚያ መሳቢያዋን ከፍታ በእጇ ዳበሰች። ቅጥያው የለም። እንደገና ዳበሰች።

«ምን ሆንሽ? ጠቆርሽ እኮ» አላት ሰዓት ጠጋኙ ከማዶ።

እሷ ግን በጭንቅላቷ እያሰላች ነው። ኮምፒውተሩ ተከፍቶ ዝም ብሎ ሲቀመጥ፣ ጨዋታውን ከኢንተርኔት ሲያወርድ፣ ካርዱ ምንም አይበላም፤ ያን ቀጭን ገመድ አይጎዳውም። ጨዋታው ሲጀመር ግን ዝሆኑ ይነሣል። ያን ጊዜ ገመዱ ይግላል፣ ፕላስቲኩ ይቀልጣል፣ ከዚያ በኋላ ያለውን ልታስበው አልፈለገችም። ሰውዬው ቤቱ የደረሰው አምስት ሰዓት ገደማ ነው። ለማውረድ ሦስት ሰዓት ይፈጃል ብላለች ልጅቷ። አምስትና ሦስት ስምንት ነው።

ጠዋት የሰጣትን ቁጥር ደወለች። «የደወሉላቸው ደንበኛ ስልካቸውን አጥፍተዋል...»። ደግማ ደወለች። ያው ነው። ክሬን ላይ ስልክ አይፈቀድም፤ ጠዋት ራሱ ነግሯታል። የልጅቷ ስልክ የላትም። ቤታቸውን አታውቅም።

ወደ ኮሪደሩ መጨረሻ ሮጠች። እዚያ ያለው መስኮት ከተማውን ያሳያል። ከአውቶቡስ ማቆሚያው ጀርባ፣ ሰውዬው እሠራበታለሁ ካላት ሕንጻ በላይ፣ አንድ ቢጫ ክሬን ረጅም ክንዱን ቀስ አድርጎ ያዞራል።

«ሱቄን እይልኝ!» ብላ ጮኸች፤ መዝጊያውን እንኳ ሳታወርድ ደረጃውን ሁለት ሁለቱን እየዘለለች ወረደች።

እስከ ግንባታው ቦታ ድረስ የአሥር ደቂቃ መንገድ ነው። በስድስት ደቂቃ ደረሰች። በሩ ላይ ዘበኛው እጁን ዘርግቶ፣ «ያለ ቆብ አይገባም» አላት።

«ክሬን ነጂውን ነው የምፈልገው። የሞት ሽረት ነገር ነው!»

ዘበኛው ፊቷን አየና የራሱን ቆብ አውልቆ ጭንቅላቷ ላይ ደፋላት። «ያ ሬዲዮ የያዘው ፎርማኑ ነው፣ ለሱ ንገሪው» ብሎ ጠቆማት።

ፎርማኑ አንገቱን ወደ ሰማይ አቅንቶ ቆሟል። ቀና ብላ አየች። ክሬኑ አንድ ክፍል ቤት የሚያህል የኮንክሪት ግድግዳ ተሸክሞ በአየር ላይ ነው። ከሥሩ ስድስት ሰዎች እጃቸውን ዘርግተው ይጠብቃሉ።

«ጌታዬ፣ ልጁ ቤት ውስጥ ብቻዋን ናት። እኔ የሸጥኩለት ኮምፒውተር እሳት ሊያስነሣ ይችላል። አሁኑኑ ይንገሩት!»

ፎርማኑ ዓይኑን ከጭነቱ አልነቀለም። «እስኪያስቀምጠው ጠብቂ።»

«አልገባዎትም እኮ...»

«ገብቶኛል» አላት በቀስታ። «እኔም ልጆች አሉኝ። አሁን ብነግረው እጁ ይንቀጠቀጣል። ከታች ያሉትን ታያቸዋለሽ? እነሱም የሰው ልጆች ናቸው።»

ጠበቀች። በሕይወቷ እንደዚያ የረዘመ ጊዜ አታውቅም። ግድግዳው በእንፉቅቅ ይወርዳል። ነፋስ ሲነካው ትንሽ ይዞራል፣ ሰዎቹ በገመድ ያቀኑታል፣ እንደገና ይወርዳል። የብሎን ከንፈር ይንቀሳቀሳል። የምትለው ጸሎት ይሁን ቁጥር አታውቀውም። በመጨረሻ ግድግዳው መሬት ነካ፤ አንዱ ሠራተኛ አውራ ጣቱን ወደ ላይ ቀሰረ።

ፎርማኑ ሬዲዮኑን ወደ አፉ አቀረበ። «ወንድሜ፣ ክንዱን አቁም። ሞተሩን አጥፋ። አጠፋኸው?»

«አጥፍቻለሁ። ምን ተፈጠረ?»

«የቤትህን አድራሻ ንገረኝ።»

የሌላ ሰው የሚመስል ድምፅ ከሬዲዮኑ፣ «ልጄ ምን ሆነች?» አለ።

ፎርማኑ ሬዲዮኑን ለብሎን ሰጣት። በሁለት እጇ ያዘችው።

«እኔ ነኝ፣ ኮምፒውተሩን የሠራሁት። ምንም አልሆነች ይሆናል። ግን ውስጡ ያለው ገመድ ትክክለኛው አይደለም። ረስቼው ነው። ጨዋታውን ከጀመረች ይቃጠላል። ስልኳን ይንገሩኝ፣ አድራሻውንም።»

ቁጥሩን ነገራት። ድምፁ እየተቆራረጠ ነው። ፎርማኑ በራሱ ስልክ ደወለ። ጠራ፣ ጠራ፣ ጠራ፣ ተቋረጠ። ደግሞ ደወለ። ያው።

«አታነሳም» አለ ፎርማኑ።

«የጆሮ ማዳመጫ አድርጋ ይሆናል» አለ ከላይ ያለው ድምፅ። «ከእንጨት መሰንጠቂያው ጎን ያለው ሕንጻ፣ አራተኛ ፎቅ፣ ቁጥር አሥራ ሁለት። ግን በሩ... በሩ ተቆልፏል። ቁልፉ ተበላሽቶ ከውጭ ካልቆለፍኩት አይዘጋም። ሌላው ቁልፍ እናቷ ጋ ነው። ይሄኛው ኪሴ ውስጥ ነው። ቆልፌባት ነው የመጣሁት! እኔ ነኝ የቆለፍኩባት!»

«መሰላሉን ለመውረድ ስንት ደቂቃ ይፈጃል?» አለች ብሎን።

«አሥር» አለ ፎርማኑ። «እንዲህ ሆኖ ከወረደ ደግሞ ይወድቃል።»

ከላይ ደግሞ ድምፁ መጣ፤ «ከሥር ያሉትን ሰዎች አርቃቸው።»

ፎርማኑ ገባው። «ዞር በሉ! ሁላችሁም ወደ ኋላ!» ብሎ ጮኸ። ከሰማዩ ላይ አንድ ጥቁር ነገር ተነጥሎ ወረደ። ሲወርድ እጅ ይመስላል። ከአሸዋው ክምር ላይ ዷ ብሎ ወደቀ። የቆዳ ጓንት ነው፤ ውስጡ ቁልፍ ተደርጎ አፉ በሽቦ ታስሯል።

ብሎን ጓንቱን አንሥታ ስትዞር የግንባታው ፒካፕ ሞተሩ ተነሥቶ ይጠብቃታል። ገብታ ሳትቀመጥ ሾፌሩ ነዳው። ሦስት መንገድ አለፉ። አራተኛው ላይ መኪናው ሁሉ እንደ አጥር ተገትሯል። ሾፌሩ ክላክሱን እስኪሰለች ነፋ፤ ማንም አልተንቀሳቀሰም።

«ስንት ይቀረናል?»

«እዚያ የሚታየው ነው። እንጨት መሰንጠቂያው፣ ያ!» አለና ከወንበሩ ሥር ቀይ የእሳት ማጥፊያ መዝዞ ሰጣት። «ይቺን ያዢ። መኪናውን ትቼ እከተልሻለሁ።»

ሮጠች። ማጥፊያው ከባድ ነው፣ ጉልበቷን ይመታታል። እየሮጠች አራተኛ ፎቅ የትኛው እንደሆነ ለማየት ቀና አለች። ጭስ አይታይም። ደስታ ቢጤ ውስጧ ብቅ አለ። መስኮቶቹ ዝግ መሆናቸውን ስታይ ግን ደስታው እዚያው ሞተ።

ደረጃው ጠባብና ጨለም ያለ ነው። አንደኛ ፎቅ፣ ሁለተኛ ፎቅ። ሦስተኛው ላይ ሽታው መጣ። ያን ሽታ ከማንም በላይ ታውቀዋለች፤ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ በሕልሟ ስትሸሸው የነበረ የተቃጠለ ገመድ ሽታ ነው። የደረጃውን ብረት ይዛ ራሷን ጎተተች።

አራተኛ ፎቅ። ቁጥር አሥራ ሁለት። ከበሩ ሥር ቀጭን ግራጫ ጭስ እንደ ክር እየተሳበ ይወጣል።

«ሚጣ!» ብላ ጮኸች፤ ሌላ ስሟን አታውቅም። መልስ የለም። ሽቦውን በጥርሷ ፈታች። ቁልፉን ስታስገባ ከእጇ ወደቀ። አነሣችው። ገለበጠችው። በሦስተኛው ሙከራ ዞረ።

ውስጡ ከጣሪያው እስከ ግማሽ ድረስ በጭስ ተሞልቷል። ጎንበስ አለች። መጀመሪያ ዓይኗ የፈለገው መብራቱን የሚቆርጠውን ብሬከር ነው፤ ከበሩ በላይ አገኘችውና አወረደችው። ቤቱ ውስጥ የነበረ አንድ የሚያጓራ ድምፅ ጸጥ አለ። ኮምፒውተሩ እስካሁን ይሠራ ነበር ማለት ነው።

የልጅቷ ክፍል በስተቀኝ ነው። ኮምፒውተሩ ጠረጴዛው ላይ በአንድ ጎኑ ቀልጧል፣ እሳቱ ወደ መጋረጃው ተሻግሮ ወደ ላይ ይልሳል። ወንበሩ ባዶ ነው። የጆሮ ማዳመጫው በገመዱ ተንጠልጥሏል። ስልኳ ጠረጴዛው ላይ፣ ከእሳቱ አጠገብ። አልጋውም ባዶ ነው።

ማጥፊያውን ከፍታ ነፋችው። ነጭ ዱቄት ክፍሉን ሞላው። መጋረጃው ተቆርጦ ወደቀ፣ በእግሯ ረገጠችው። እሳቱ ጠፋ። ልጅቷስ?

«ሚጣ! የኔ እናት! የት ነሽ?»

ሳል ሰማች። ከኮሪደሩ መጨረሻ፣ ከተዘጋ በር ጀርባ። ሮጣ ገፋችው። አልተከፈተም፤ ከሥሩ እርጥብ ፎጣ ተወትፏል።

«ማነው?» አለ ትንሽ ድምፅ።

«ኮምፒውተሩን የሠራሁት ነኝ። እሳቱ ጠፍቷል። ክፈቺልኝ።»

«አባዬስ?»

«እየመጣ ነው። ቁልፉን የሰጠኝ እሱ ነው።»

በሩ ቀስ ብሎ ተከፈተ። ልጅቷ የመታጠቢያ ቤቱ ወለል ላይ ተቀምጣለች። ጀሶ ያለበት እግሯ እንደ ግንድ ፊቷ ተዘርግቷል። ፊቷ በጥላሸትና በእንባ ተዥጎርጉሯል። ክርኖቿ ደምተዋል፤ ከክፍሏ እስከዚያ ድረስ ተጎትታ ነው የመጣችው።

«ገና እንደጀመርን ሸተተኝ» አለች በተቆራረጠ ትንፋሽ። «ሶኬቱን ልነቅል ፈለግሁ፣ ከጠረጴዛው ኋላ ነው፣ እግሬ አላስገባ አለኝ። ክራንቼ ወደቀ። በሩን ነካሁት፣ ቁልፍ ነው። ጮኽኩ። ታች ያለው እንጨት መሰንጠቂያ ይጮሃል፣ ማንም አልሰማኝም። እንደማይሰማኝ አውቄ ዝም አልኩ።»

ብሎን ወለሉ ላይ አጠገቧ ተቀምጣ አቀፈቻት። ልጅቷ እንደ ወፍ ጫጩት ትርገፈገፋለች። ወይም የምትርገፈገፈው ብሎን ናት፤ ለመለየት አይቻልም ነበር። ሾፌሩ ደርሶ መስኮቶቹን ከፈተ፤ ከዚያ ልጅቷን ተሸክሞ ደረጃው ላይ አወጣት።

አባትየው የደረሰው ከሃያ ደቂቃ በኋላ ነው። አንድ እጁ ጓንት አለው፣ አንዱ ባዶ ነው። ልጁን ደረጃው ላይ በብርድ ልብስ ተጠቅልላ ሲያያት አልሮጠም። ሦስት ደረጃ ሲቀረው ቁጭ አለ። ያ በር የሚሞላ ትከሻ ወደ ውስጥ ተሰበሰበ። ከዚያ በእጁና በጉልበቱ እየዳኸ ወጣና የልጁን ባዶ እግር ያዘ።

«አባዬ፣ ደህና ነኝ» አለችው። «አባዬ፣ ተነሥ በቃ።»

ብሎን ከግድግዳው ተለጥፋ ቆማለች።

«ካርዱ ምንም ጥፋት የለበትም» አለች። «ጥፋቱ የኔ ነው። ትልቁን ፓወር ሳፕላይ አውጥቼ ሳላስገባው ረሳሁት። ለሙከራ ያስገባሁትን ገመድ አልነቀልኩም። በፈለጉት ቦታ ይክሰሱኝ፣ አልክድም።»

ሰውዬው ቀና ብሎ አያት። ዓይኑ ቀልቷል። «አሁን ከፊቴ ሂጂልኝ» አላት። «ክፉ ቃል ሳልናገርሽ ሂጂ።»

ሄደች። ሱቋ ስትደርስ ሰዓት ጠጋኙ በሯ ላይ ቆሞ እየጠበቀ ነበር። ምን እንደሆነ ሲጠይቃት ከጠረጴዛዋ ሥር ገብታ አለቀሰች። ሰዓት ጠጋኙም መዝጊያውን በቀስታ አወረደላትና ውጭ ቆመ፤ ደንበኛ ሲመጣ «ዛሬ የለችም» እያለ መለሰ።

አምስት ቀን ሱቋን አልከፈተችም። በስድስተኛው ቀን የቀለም ባልዲና ብሩሽ ይዛ ቁጥር አሥራ ሁለት በር ላይ ቆመች። የከፈተላት አባትየው ነው። ባልዲውን አየ፣ እሷን አየ። ከበሩ ላይ ዞር አለላት። የጠቆረውን ግድግዳ ሁለት ጊዜ ቀባችው። ልጅቷ ከአልጋዋ ላይ ሆና፣ «እዚያ ጋ ዘለልሽው»፣ «ግራውን ደግመሽ ቅቢው» እያለች ታዛለች። አባትየው ደግሞ በሩ ላይ አዲስ ቁልፍ ሲገጥም ዋለ፤ ከውስጥም የሚከፈት። ሥራው ሲያልቅ አንድ ብርጭቆ ውኃ ሰጣት።

«እኔም ቆልፌባት ነው የሄድኩት» አለ ወደ መሬት እያየ። «ለሱ ማንን ልክሰስ?»

ልጅቷ የመጣችው ከአንድ ወር ተኩል በኋላ ነው፤ ጀሶው ወልቆ፣ በአንድ ክራንች፣ ከአባቷ ጋር። ብሎን ሲገቡ ስታያቸው የያዘችው መፍቻ ከእጇ ወደቀ።

«አባዬ ሁለተኛ ኮምፒውተር ቤቴ አይገባም ብሎ ነበር» አለች ልጅቷ። «ሦስት ሳምንት ተከራክረን አሸነፍኩት። ግን አንድ ነገር አለ። አንቺ ሳይሆን እኔ ነኝ የምገጣጥመው። አንቺ እያሳየሽኝ። ውስጡን ሳላውቀው አላበራውም።»

«የትኛውን ካርድ?» አለች ብሎን።

«የማይሞቀውን።»

ባለ ነብሩን አወረደችላት። ቀኑን ሙሉ ሠሩ። ልጅቷ እያንዳንዱን ገመድ፣ «ይሄ ከየት ወደ የት ነው? ቢላቀቅስ? ቢግልስ?» እያለች ጠየቀች። ብሎንም የማታውቀውን አላውቅም እያለች፣ የምታውቀውን ሁለት ጊዜ እየደገመች መለሰችላት። አባትየው በርጩማው ላይ ተቀምጦ እንደበፊቱ ያያል፤ ፊቱ ግን እንደበፊቱ አይደለም።

የማብሪያው ሰዓት ሲደርስ ልጅቷ ጣቷን ዘርግታ አቆመችው። መልሳ ሰበሰበችው።

«ቆይ» አለ አባትየው። ከበርጩማው ተነሥቶ ግድግዳው ጋ ሄደ፣ ተንበርክኮ ሶኬቱን በሙሉ መዳፉ ጨበጠው። «በይ አሁን አብሪ። ትንሽ ነገር ከሸተተሽ ጩኺ።»

አበራች። ምስል መጣ። ብሎን ለሙከራ የምታስቀምጠውን ከባዱን ጨዋታ ከፈተችላት። ፋኖቹ ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ። ልጅቷ መጫወት ስትጀምር ትከሻዋ ጆሮዋ ድረስ ተሰቅሎ ነበር። ብሎን ከኮምፒውተሩ ጀርባ ጎንበስ ብላ፣ መዳፏን ገመዶቹ ላይ አድርጋ፣ ሙቀታቸውን እየለካች ቆመች።

«እንዴት ነው?» ይላል አባትየው በየደቂቃው።

«ቀዝቃዛ ነው» ትላለች ብሎን።

አንድ ሰዓት ሙሉ እንዲሁ ሆኑ። ብሎን ሰውዬውን ጉልበቱን እንዳያመው ካርቶን አንጥፋ ልትሰጠው ብትል፣ አልፈልግም ብሎ ራሱን ነቀነቀ፤ ሶኬቱንም አልለቀቀም።